ሞንትሮዝ ያለው የዩቶች ሙዚየም፦ ከእናቴ ጋር የዋልንበት

ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ነው የምኖረው። ጭነት ይዤ ወደ ምዕራብ ኮሎራዶ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። «ዩሬይ» የሚል ታፔላ ባየሁ ቁጥር የከተማ ስም ነው ብዬ አልፋለሁ። የሰው ስም መሆኑን ያወቅኩት እናቴን ይዤ ሞንትሮዝ ስሄድ ነው። ከዴንቨር የአምስት ሰዓት መንገድ ነው።

ዩቶች የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ናቸው። ሙዚየሙ ያለው አለቃቸው ዩሬይና ሚስቱ ቺፔታ ይኖሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። በ1956 ተከፍቶ በ2017 ሰፋ ተደርጎ ታድሷል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ትልቅ አይደለም። እኛ ግን ግማሽ ቀን ፈጀን። እናቴ ጥልፍ ታውቃለች፤ በዶቃ ካጌጡት የቆዳ ልብሶች ፊት አልነቀል አለች። «ቆዳ እኮ ነው! እያንዳንዷን ፍሬ በመርፌ!» ትላለች መስታወቱ ላይ ተለጥፋ።

ታሪኩ ያናድዳል። ዩቶች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት የ1868 ውል የኮሎራዶ ምዕራብ፣ ሲሶው ገደማ፣ የእናንተ ነው ተባሉ። ሳን ሁዋን ተራሮች ላይ ማዕድን ተገኘና በ1873 ተራሮቹን አስፈረሟቸው። በ1881 ደግሞ ወታደር እያጀበ ከዚህ ሸለቆ ወደ ዩታ አስወጣቸው። ዩሬይ ይህን ሳያይ በ1880 ሞቷል። ሕዝቡ ሲባረር ስሙ ታፔላ ላይ ቀረ።

እናቴን ያሳቃት የድብ ጭፈራቸው ነው። በጸደይ፣ ድብ ከእንቅልፉ ሲነቃ ይጨፈራል። ጥርስ ያወጡለትን እንጨት በሌላ ዘንግ ይፈገፍጉታል፤ ድምፁ የድብ ማጉረምረም ነው። አጋር የምትመርጠው ሴቷ ናት፣ ወንዱ እምቢ አይልም። «ታዲያ እንዲህ ነው እንጂ!» አለች። ዛሬም ይጨፍሩታል፤ ከሦስቱ የዩት ነገዶች ሁለቱ እዚሁ ኮሎራዶ፣ አንዱ ዩታ ነው ያሉት።

ምሳ ከቤት ያዙ። እኛ መንገድ ላይ አንድ ቤት ገብተን ተቃጥለናል፤ ስሙን አልጠራም።

ግቢው ውስጥ የቺፔታ መቃብር አለ። አብራ ተባርራ፣ ከ40 ዓመት በላይ ዩታ ኖራ በ1924 እዚያው ሞተች። በዓመቱ አስከሬኗን አምጥተው እዚህ ቀበሩት። ይህን ስነግራት እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም ብላ ቆመች።

«ብቻ ለአገሯ አፈር በቃች» አለች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

እኔ መኪናውን ላቅርብልሽ ብዬ ሄድኩ።