«አፕዴት እንዳታደርጊው» ካሏችሁ ስልኩን አትግዙ

ይህን የምጽፈው ያገለገለ ስልክ ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ላላችሁ ነው። እኔ ያጣሁትን 16,500 ብር እናንተ እንዳታጡ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ስልክ ቤት ያገለገለ ስልክ ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። የስልኩንም ዓይነት አልናገርም። ስልኩ ሲታይ ንጹህ ነበር። ስክሪኑ ጭረት የለውም፣ ካሜራው ጥሩ ነው፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል። የሚሸጠው ልጅ ብሩን ቆጥሮ ተቀበለኝና ስልኩን ሲያቀብለኝ፣ «የኔ እህት፣ አፕዴት አድርጊ ቢልሽ እንዳታደርጊው፤ ያዘገየዋል» አለኝ። ለእኔ አስቦ መስሎኝ አመስግኜው ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ የምጠቀምበት አንድ መተግበሪያ አዲሱን ሲስተም ካልጫንሽ አልሠራም አለኝ። ማታ አፕዴቱን ለቅቄው ተኛሁ። ጠዋት ስልኩን አጥፍቼ ሳበራው ለመነሳት ብዙ ደቂቃ ፈጀበት። ሲነሳ ደሴ ላለችው እናቴ ደወልኩ። እኔ እሰማታለሁ፣ እሷ አትሰማኝም። «ሄሎ! ሄሎ! ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ? ምን ሆነሽ ነው?» ትላለች። እየጮህኩ እመልሳለሁ። ዘጋች፣ መልሳ ደወለች። በሦስተኛው ድምጿ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ነገር የደረሰብኝ መስሏት ነበር። በጎረቤቴ ስልክ ደውዬ እስካረጋጋኋት ድረስ የሆነችውን እሷና እኔ ነን የምናውቀው።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ ስልኩን እንኳ በእጁ አልነካውም። «አታድርጊው ብዬሽ ነበር እኮ። አፕዴት ያደረግሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ደረሰኝ ብዬ የያዝኩት ወረቀት ዋጋው በእስክሪብቶ የተጻፈበት ብጣሽ ነበር። ማኅተም የለው፣ የሱቁ ስም የለው።

ከዚያ መጠገኛ ቤት ለመጠገኛ ቤት ዞርኩ። የመጀመሪያው «ሶፍትዌር ነው» ብሎ በ800 ብር ፍላሽ አደረገው፤ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው ማለት ነው። ፎቶዎቼ ጠፉ፣ ማይኩ እንደነበረ ነው። ሁለተኛው «ማይኩ ተበላሽቷል» ብሎ የታችኛውን ክፍል በ1,500 ብር ቀየረው። ለውጥ የለም። ሦስተኛው ጋ ነው እውነቱ የወጣው። ሰውየው ከፈተው፣ ቦርዱን በማጉያ አየውና ጠራኝ። «እህቴ፣ ነይ እዪው። ይህቺ የድምፅ ቺፕ ከዚህ በፊት በሙቀት ተነክታለች።»

እንደነገረኝ ከሆነ የድምፅ ሥራውን የሚመራው ቺፕ ከቦርዱ ጋር የተያያዘባቸው የብየዳ ነጥቦች ይላቀቃሉ። ስልክ ሲወድቅ፣ ኪስ ውስጥ ሲታጠፍ፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ታዲያ በትክክል ከመጠገን ይልቅ ቺፑን በሙቅ አየር ያሞቀዋል። ብየዳው ለጊዜው ይይዛል። ማይኩ ይሠራል። ስልኩ ይሸጣል። «ሁለት ሳምንትም ይሁን ሁለት ወር፣ መልሶ መልቀቁ አይቀርም» አለኝ።

የልጁ ምክር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አፕዴት ሲጫን ስልኩ ለረጅም ሰዓት ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ሲነሳ ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል ይጠራል። የድምፅ ቺፑ ካልመለሰለት ይጠብቀዋል። አነሳሱ የሚዘገየው ለዚህ ነው። በመጨረሻ ያለ እሱ ይነሳል፣ እናም ማይክ የለም። አፕዴቱ ብዙ ጊዜ የተደበቀውን በሽታ ነው የሚያወጣው። ሻጩ ያንን የሚያውቅ ከሆነ «እንዳታደርጊው» የሚለው ቃል ምክር አይደለም፤ በኋላ «ጥፋቱ ያንቺ ነው» ለማለት ያዘጋጀው ማምለጫ ነው።

ይህ የእኔ ስልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዓለም የታወቀውን ልንገራችሁ። አይፎን 7 እና 7 ፕላስ ገበያ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በ2018 አይኦኤስ 11.3 የተባለው የአይፎን ሲስተም ከወጣ በኋላ ብዙ ሰዎች ማይካቸው እንደጠፋ፣ በጥሪ ላይ የስፒከሩ ምልክት ደብዝዞ አልነካ እንዳላቸው ተናገሩ። አፕል በዚያው ዓመት ለተፈቀደላቸው ጠጋኞች በላከው ሰነድ ችግሩ እንዳለ ገለጸ። ዋስትናቸው ላለቀ ስልኮችም ለጥቂት ጊዜ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ያ ግን ወዲያው ቀረ። ቦርድ የሚጠግኑ ባለሙያዎች ስልኮቹን ሲከፍቱ ተላቅቆ ያገኙት ያንኑ የድምፅ ቺፕ ነው። በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ ተመሠረተ። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን ጉዳዩ በ35 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ለጥገና ከኪሳቸው የከፈሉ ሰዎች እስከ 349 ዶላር ድረስ ሊደርሳቸው ይችል ነበር። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ማመልከቻ ማስገቢያው ጁን 3 ቀን 2024 ተዘግቷል። አሁን መጥቶ «ብር ክፈሉኝና ላስሞላላችሁ» የሚላችሁ ካለ አትስሙት።

ፒክስል የተባለው የጉግል የመጀመሪያው ስልክም እንደዚሁ ነበር። ኩባንያው በ2017 የማይኩ ችግር ከድምፅ ቺፑ ብየዳ ላይ ካለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እንደሚመጣ ተናገረ። የስልኩ ሙቀት ሲለዋወጥ ወይም አያያዙ ሲቀየር ማይኩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ የሞከራችሁት ስልክ ቤት ስትደርሱ የሚከዳችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሱቅ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ? ስልክ ያለው ማይክ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ያዙልኝ። አብዛኞቹ ከታች ቻርጅ በሚሰካበት አጠገብ አንድ፣ ከላይ ደግሞ ሌላ አላቸው። ከኋላ ካሜራው ጎን ሦስተኛ ያላቸውም አሉ። መጀመሪያ በድምፅ መቅጃው ራሳችሁን ቅዱ፤ ያ የታችኛውን ይፈትናል። ቀጥሎ በፊተኛው ካሜራ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ተናገሩ። ከዚያም በኋለኛው ካሜራ። ሦስቱንም መልሳችሁ ስሙ። ሰው ጋ ደውሉ፣ በጥሪው መሃል ስፒከር አድርጉ፣ ምልክቱ አልነካ ካለ ስልኩን መልሱ። ቀጥሎ ስልኩን አጥፉት። ይህን ሻጮች አይወዱትም፤ እናንተ ግን አጥፉት። ሲነሳ አርማው ላይ ከወትሮው በላይ ከቆየ ጉዳይ አለው ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ያልተጫነ አፕዴት ካለ እዚያው ይጫን በሉ። ሰዓት ይፈጃል፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ብሩ የእናንተ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። «አይሆንም» ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ስልኩን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከአፕዴት በኋላ ማይኩ ከጠፋ ደግሞ ለማንም ብር ከመክፈላችሁ በፊት ቀላሉን እዩ። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ያላቸው ስልኮች ማይክን ለሁሉም መተግበሪያ በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ቁልፍ ከላይ በሚወርደው ገጽ ላይ ሊኖራቸው ይችላል። ሳታውቁ ነክታችሁት ይሆናል። ቴሌግራም ወይም ኢሞ ላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ የማይክ ፈቃዱ ተነስቶ እንደሆነ ሴቲንግ ውስጥ ተመልከቱ። የጆሮ ብሉቱዝ ቦርሳ ውስጥ በርቶ ቀርቶም ስልኩ የእሱን ማይክ እየተጠቀመ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳውን አቧራ ዘግቶት ከሆነ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። መርፌ እንዳታስገቡ፣ ማይኩን ይበሳዋል።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ካልሆነ ዋናው መለያ ይህ ነው። አንዱ ማይክ ሞቶ ሌሎቹ ከሠሩ፣ የተበላሸው ያ ማይክ ራሱ ወይም የተያያዘበት ክፍል ነው፤ ጥገናው ቀላል ነው። ሁሉም ማይኮች አንድ ላይ ጠፍተው፣ ነገር ግን በብሉቱዝ ማዳመጫ ስታወሩ ሰው የሚሰማችሁ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ቦርዱና ወደ ድምፅ ቺፑ ይሄዳል። ያን ጊዜ ፍላሽ ማድረግም ሆነ የታችኛውን ክፍል መቀየር አይጠቅምም። እኔ 2,300 ብር የከፈልኩት ይህንን የአምስት ደቂቃ ሙከራ የሚያሳየኝ ሰው ስላልነበረ ነው። «ወደ ድሮው ሶፍትዌር እመልሰዋለሁ» የሚልም ያጋጥማችኋል። አፕል አዲስ ሲያወጣ የቀድሞውን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዳይጫን ይዘጋዋል፤ ሳምሰንግም ወደ ኋላ መመለስን በብዙ ስልኮቹ ላይ ይከለክላል። ቢሳካ እንኳ የተላቀቀን ብየዳ ሶፍትዌር አያጣብቀውም።

ደረሰኝ ሳትይዙ ደግሞ ከሱቅ አትውጡ። በአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ግን ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደገዛችሁ የሚናገር ወረቀት ያስፈልጋችኋል። የስልኩ መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። *#06# ስትመቱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። እኔ ያ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ ልጁ ፊት ለፊት ቆሜ የምለው ነበረኝ።

ሦስተኛው ጠጋኝ ለሥራው ብር አልተቀበለኝም። «ከፈለግሽ አሞቄ ልመልሰው፣ ሳይበላሽ ትሸጪዋለሽ» አለኝ። ሌላ እናት ደሴም ይሁን ጎንደር ሆና «ሄሎ» እያለች እንድትጨነቅ አልፈለግኩም። ለመለዋወጫ ይሁን ብዬ በ3,000 ብር ለእሱ ተውኩለት።

ባለፈው ወር ሌላ ስልክ ገዛሁ። ሌላ ሱቅ ነው። አጥፍቼ አበራሁት፣ ሦስቱንም ማይክ ቀዳሁ፣ አፕዴቱ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ባለሱቁ ሻይ አስመጣልኝ። ሲያልቅ ሲሜን አስገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ስፒከርም አደረግኩት። «ሰማሁሽ ልጄ፣ ጎረቤት የተቀመጥሽ ይመስላል» ስትለኝ ነው ብሩን ከቦርሳዬ ያወጣሁት።