የወተርጄት ሲል ለሚያስቸግራችሁ፦ አዳማ ላይ ሰው አግኝቻለሁ

ወተርጄት (በከፍተኛ ግፊት ውሃ ድንጋይና ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ አንብቡት። ሌላው ሰው ቢያልፈው አልቀየምም።

አዳማ ላይ እምነበረድና ግራናይት እንቆርጣለን፤ አልፎ አልፎ ብረትም ይመጣልናል። ማሽኑ 3 ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ያቃጠለኝ ግን ትልቁ ማሽን ሳይሆን መዳፍ ውስጥ የምትገባ ነጭ የፕላስቲክ ቀለበት ናት። የፓምፑ ሲል፣ ውሃው እንዳያፈተልክ የምትዘጋው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ የእኛ ፓምፕ በሃይድሮሊክ ዘይት የሚሠራው ዓይነት ነው። በ200 ባር አካባቢ ያለ ዘይት ሰፊ ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ደግሞ ስፋቱ 20 ጊዜ የሚያንስ ቀጭን ዘንግ ይገፋል፣ ስለዚህ ውሃው ወደ 4,000 ባር ይደርሳል። የመኪና ጎማ 2 ባር ምናምን ነው፣ አስቡት። ያንን ሁሉ ግፊት ይዛ ከሚመላለሰው ዘንግ ጋር ስትፋተግ የምትውለው ያቺ ቀለበት ናት። እንደ ፓምፑና እንደ ውሃው ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ይጠበቅባታል።

የእኛ መጀመሪያ በ400 ሰዓት ሄደች፣ ቀጥላ በ200፣ መጨረሻ ላይ 110 ሳይሞላ ፓምፑ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ከአዲስ አበባ ቴክኒሻን አስመጣን፤ ስማቸውን አልጠራም። የመንገድ ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ ምሳ፣ ሁሉም እኛ ላይ። ሰውየው በአንድ ሰዓት ከፍቶ፣ ቀይሮ፣ ዘግቶ ሄደ። «ለምን ቶሎ ቶሎ ይበላል?» ብለው «ኦሪጅናል ስላልሆነ ነው፣ ከእኛ ግዙ» አለኝ። ገዛን። እሱም ያው ሆነ።

ቶርኖ ቤት ያለው ደንበኛችን ነው እኚህን ሰው የጠቆመኝ። ፋብሪካ ውስጥ በሃይድሮሊክ ሥራ ያረጁ ናቸው፣ አሁን ትንሽ የራሳቸው ጋራዥ አላቸው። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን እዚህ አልለጥፍም። ለጠዋት 2 ሰዓት ተቀጣጥረን 4 ሰዓት ላይ በባጃጅ መጡ። ቱግ ብዬ ነበር፣ ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ይባላል።

ፓምፑን አልነኩም። መጀመሪያ «የወለቀውን ሲል አሳየኝ» አሉ። ጥለነዋል አልኳቸው። «ሐኪም ጋ ስትሄድ ሕመምህን ቤት ጥለህ ነው የምትሄደው?» ደግነቱ ረዳት ልጃችን የመጨረሻዋን የቁልፍ ማንጠልጠያ አድርጓት ነበር። ተቀብለው ወደ ብርሃን አውጥተው አዩዋት። ጠርዟ እንደ እንጀራ ጠርዝ ሳስቶ ወደ ውጭ ተጎትቷል። «ይሄ አላረጀም፣ ለስልሶ ወደ ክፍተት ፈሷል» አሉ።

ከዚያ ማሽኑን አስነሱና ቆመው አዳመጡ። ፒስተኑ ወደ ሁለቱ ጎን ሲመላለስ የሚፈጅበትን ጊዜ በስልካቸው ሰዓት ቆጠሩ። አንዱ ጎን ከሌላው ፈጥኖ ከሄደ ግፊቱ የሚያመልጠው በዚያ በኩል ነው። ወደ ሲሊንደሩ ውሃ የሚያስገባውን ቱቦም ዳሰሱ፤ ከልክ በላይ ከሞቀ ችግሩ ሲሉ ሳይሆን ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቼክ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። የሚያንጠባጥበውን ቀዳዳ ራሱ ያነቡታል፦ ውሃ ብቻ ከሆነ አንድ ነገር፣ ዘይት ከተቀላቀለበት ደግሞ የዘይቱ በኩል ያለው ሲል ነው። እዚህ ላይ ልጁ ጣቱን ሊሰድ ሲል እጁን ቀለብ አደረጉት። በዚህ ግፊት የምታፈተልክ ውሃ ፀጉር ብታክልም ቆዳ ሰብራ ትገባለች። ላዩ ትንሽ ቀዳዳ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ይበላሻል፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከዚያ «ውሃውን ከየት ነው የምታመጣው?» አሉኝ። ከጣሪያ ላይ፣ ከሮቶ። ጥቁር ሮቶ፣ በአዳማ ፀሐይ፣ በሚያዝያ ወር። ቴርሞሜትር ሲከቱበት 34 ዲግሪ። «ሻይ ልታፈላበት ነው?» አሉ። ለካ ፓምፑ የሚፈልገው 20 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ውሃ ነው፤ ሲሞቅ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ግፊቱ ደግሞ ወዳገኘው ክፍተት ይጨምቀዋል። ክፍተቱ ከየት መጣ? ከሲሉ ጀርባ የምትቀመጠው የነሐስ ቀለበት ተበልታለች። የአዲስ አበባው ሰው ሲሉን ብቻ ለውጦ አሮጌዋን ቀለበት መልሶ አስገብቷታል። ሦስት ጊዜ ሲል የገዛሁት ለዚህ ነው። ያናድዳል።

አሠራራቸውን ቆሜ ነው ያየሁት። ግፊቱን አስተነፈሱ፣ መብራቱን ከማብሪያው ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። በርና መስኮት አዘጉን፤ የአዳማን ንፋስ የሚያውቅ ያውቃል፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሲሉ ስር ከገባች አዲሱን ሲል በሰዓታት ውስጥ ትጨርሰዋለች። ጋርኔት (ለመቁረጥ ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው አሸዋ) የነካ እጅም እንደዚያው፣ ሁላችንንም በሳሙና አስታጠቡን። አሮጌውን ሲል በካቻቢቴ መፈንቀል የለም፣ ሲሊንደሩን ይጭረዋልና። ዘንጉን በጥፍራቸው ቀስ ብለው ሄዱበት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ሲል መቀየሩ ገንዘብ ማባከን ነው አሉ። የእኛ ደህና ነበር፣ ተመስገን። አዲሱን ለምግብ ማሽን የሚሆነውን ግሪስ ስስ አድርገው ቀብተው አስገቡ፣ ለብሎኑ ጥርስ ደግሞ ሌላ ቅባት ነው የተጠቀሙት። ሁለቱንም ጎን ቀየሩ። ሲጨርሱ ወዲያው ወደ ሙሉ ግፊት አልወሰዱትም፣ ዝቅ አድርገው 20 ደቂቃ ያህል አሠሩት።

ሮቶውን ከጣሪያ አውርደን ከግንቡ ጀርባ ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው፣ የምንሞላውም ማታ ነው። አሁን እኩለ ቀን ላይ 24 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ፍጹም አይደለም ግን ይሻላል። ማጣሪያዎቹንም በቀን ሳይሆን በግፊት መለኪያው አይተን እንቀይራለን። አዲሱ ሲል ከገባ የሠራበት ሰዓት ዛሬ 620 ላይ ነው። ጠብ የለም።

ዋጋቸው? መለዋወጫውን ራሳችሁ ነው የምትገዙት፣ እሳቸው የጉልበት ብቻ ይቀበላሉ፣ ያም ከአዲስ አበባው ግማሽ አይሞላም። ሸፋፍኜ የማላልፈው ግን አለ። ቀጠሮ አያከብሩም። እሁድ ስልካቸው ዝግ ነው። ደረሰኝ የላቸውም፣ ይሄ የሒሳብ ሠራተኛችንን አስለቅሷታል። ቀጥታ በክራንክ የሚሠራውን ዓይነት ፓምፕ ደግሞ አይነኩም፤ ጎረቤታችን ሲጠይቃቸው «አላውቀውም» ብለው መልሰውታል። እኔ ለዚህች መልስ ብቻ አንድ ኮከብ እጨምር ነበር። በጠቅላላው ከ5 ኮከብ 4 እሰጣቸዋለሁ፣ አንዱ ለሰዓቱ የተቀነሰ ነው።

ልትጠሯቸው ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው ቁጥራቸውን እሰጣለሁ። አሮጌውን ሲል ግን እንዳትጥሉ። የእኛን ልጅ ማንጠልጠያ ራሳቸው ይዘውት ሄደዋል፣ እስካሁን ይጠይቀኛል።