ምንጣፍ የለበሰ የመኪና ፓኔል ለመብሳት የትኛው መሣሪያ ይገዛ? ንጽጽር

የክላሲክ መኪና ውስጥ የሚያድስ ሰው ምንጣፍ በለበሰ የበር ፓኔል ላይ ቀዳዳ ማውጣት ሲኖርበት እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ተራው መሰርሰሪያ ነው፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። የሚሽከረከር ፑንታ፣ ማለትም የመሰርሰሪያው መብሻ ጫፍ፣ ምንጣፍን ከመቁረጥ ይልቅ ክሩን ይዞ በራሱ ላይ ይጠመጥመዋል። ምንጣፉ ክሩ ጫፉ ሳይቆረጥ እንደ ቀለበት ተጠማዞ የተሠራ ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ አንዱ ክር ከተያዘ ረድፉ በሙሉ ይተረተርና በፓኔሉ ላይ የማይሸፈን ባዶ መስመር ይቀራል። ስለዚህ መሣሪያ የሚመረጠው ከሥር ያለውን ጣውላ ሳይሆን ከላይ ያለውን ክር በማየት ነው።

ለአብዛኛው ሥራ እኔ የማስቀድመው በመዶሻ የሚመታውን፣ ቆዳ ሠራተኞች የሚያውቁትን፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ መብሻ ነው። ክሩን አሽከርክሮ ሳይጎትት በአንድ ምት ስለሚቆርጠው ምንጣፉ ከሱፍም ሆነ ከናይለን ቢሠራ ልዩነት የለውም። በብዙ መኪኖች ላይ የደህንነት ቀበቶ ብሎን ውፍረቱ 7/16 ኢንች፣ ማለትም 11 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር መብሻ ለእሱ ይበቃል። ከፓኔሉ ሥር የሚደረገው እንጨት ምቱን በተቆረጠ ጫፉ በኩል እንዲቀበል ሆኖ ይቁም፤ በብረት ላይ የተመታ መብሻ ስለቱ ወዲያው ይታጠፋል። ብዙ ቁጥር ካለው ርካሽ ስብስብ ይልቅ በእርግጥ የሚያስፈልጉ ሁለት ጥሩ መብሻዎችን መግዛት ይሻላል። ድክመቱ ጣውላው ላይ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ሃርድቦርድን ሊበሳ ቢችልም ወፍራም ፕላይውድ ያሸንፈዋል። ያን ጊዜ ምንጣፉን በመብሻ ከፍቶ፣ በቀዳዳው ውስጥ አጭር የብረት ቱቦ አስገብቶ፣ ፑንታውን በቱቦው ውስጥ ማሳለፍ ክሩን ከመጠምጠም ያድነዋል።

የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ጫፍ ሌላው አማራጭ ሲሆን፣ የሚጠቅመው ግን ለሰው ሠራሽ ክር ብቻ ነው። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ናይለን 6 ደግሞ በ220 ገደማ ስለሚቀልጡ፣ የጋለው ብረት እየቆረጠ የክሩን ጫፍ እዚያው ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ መተርተር የለም። ሱፍ ግን አይቀልጥም፣ ይከስላል። ለመለየት ከማይታይ ጥግ አንድ ክር መዝዞ ከፓኔሉ ርቆ ማቃጠል ይበቃል፤ ቀልጦ እንደ ዶቃ ከደረቀ ሰው ሠራሽ ነው፣ እንደተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና በጣት ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። የቀለጠው ጠርዝ ጠንካራና አንጸባራቂ ሆኖ ስለሚቀር ከላይ የሚሸፍነው ነገር ያስፈልጋል። ማስቲሹ ገና ያልደረቀ ፓኔል ላይ ፈጽሞ አይሞከርም፣ ጭሱም በር ተዘግቶ የሚታለፍ አይደለም።

ለድምፅ ማጉያ የሚሆን ሰፊ ቀዳዳ የኩባያ ቅርጽ ያለው፣ በመሰርሰሪያ የሚዞር መጋዝ ይጠይቃል። ይህ መሣሪያ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ከተጀመረ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ከጀርባ በኩል በዝግታ ጣውላውን ብቻ ቆርጦ መቆም፣ ከዚያም ምንጣፉን በአዲስ የካተር ምላጭ የጣውላውን ጠርዝ ተከትሎ መጨረስ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ አስቸጋሪ አይደለም። የመጋዙ ልክ ከማጉያው ጠርዝ ሳይሆን ከጀርባው አካል ጋር ይመሳከር፤ ሰፍቶ የተቆረጠ ጣውላ ብሎን የሚይዝበት ቦታ ያጣል።

ለትንንሽ ብሎኖች ምንም መግዛት አያስፈልግም። ወስፌ ክሩን ሳይቆርጥ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ በብሎኑ ራስ ሥር የሚገባው ክብ ሮንዴላም የቀረውን ይሸፍናል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን የምንጣፉን አንድ ጥግ ቀስ ብለው ያንሱት። ማስቲሹ ያረጀና በቀላሉ የሚለቅ ከሆነ፣ ምንጣፉን ገልጦ ባዶውን ጣውላ በተራው መሰርሰሪያ መብሳት፣ መልሶ ለጥፎ ሲደርቅም ምንጣፉን ከጀርባ በካተር መክፈት ይቻላል።