የቦቢን ሐኪም ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ምስጋናዬ ለአንድ የእንስሳት ሐኪምና ለረዳታቸው ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይፈልጉ "ዶክተር" እያልኩ እቀጥላለሁ። ውሻው ሲያክ የሚያድርበት ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አድራሻቸውን እሰጠዋለሁ። ይህን እንዳደርግ ፈቅደውልኛል።

ውሻችን ቦቢ 5 ዓመቱ ነው። ያካል ስላችሁ ማንኛውም ውሻ አልፎ አልፎ ጆሮውን እንደሚቧጭረው አይደለም። መዳፉን ከመላስ ብዛት ነጩ ፀጉሩ ወደ ቡናማ ተለውጦ ነበር። ብብቱ ተመልጧል፣ ጆሮው ይሸታል። ሌሊት የአንገቱ ማሰሪያ ሲንቃጨል ቤቱ በሙሉ ይነቃል። ቀደም ሲል ሌላ ክሊኒክ መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌውስ ይሠራል፣ አልዋሽም። ግን ጥቂት ሳምንት ያርፍና እንደገና ይጀምረዋል። ለምን እንደሚመለስበት የነገረን ሰው አልነበረም።

ዶክተር ውሻውን ከመንካታቸው በፊት ጠየቁ። ብዙ ጠየቁ። ማሳከኩ በስንት ዓመቱ ጀመረው? ዓመቱን ሙሉ ነው ወይስ ወቅት ይመርጣል? ቤት ውስጥ ሌላ እንስሳ አለ? ከሰዎቹስ ቆዳው የሚያሳክከው አለ? በቀን ስንቴ ይጸዳዳል? የመጨረሻው ጥያቄ ከቆዳ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነበር። ለካ ምግብ የማይስማማቸው አንዳንድ ውሾች ሆዳቸውም ይታወካል። ሰገራቸው ይቀጥናል፣ ቶሎ ቶሎ ይወጣሉ። የሰዎቹ ጥያቄ ደግሞ ስለ እከክ ተባይ ነው፤ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ ዓይነት አለ።

ከዚያ "ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?" አሉኝ። 0 ምንም የማያሳክከው ውሻ ነው። 10 እንቅልፉንም መብሉንም ትቶ የሚያክ። እኔ 8 አልኩ። ረዳታቸው ጻፈችው፣ ከዚያ በኋላም በየጊዜው ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ቁጥር ነው። "ትንሽ ተሽሎታል" የሚባል መልስ አትቀበልም።

"አለርጂ ነው አይደል ዶክተር?" ብዬ ስጠይቅ፣ "እሱን የምንለው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው" አሉ። በጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ጀርባውንና የጅራቱን ሥር አበጠሩ። የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፉት። ብናኙ ወደ ቀይ ቡናማ ከፈሰሰ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ውስጡ የተፈጨ ደም አለ። የቦቢ አልፈሰሰም። ቢሆንም የቁንጫ መከላከያ አዘዙለት፣ ለድመታችንም ጭምር። የቁንጫ ምራቅ አለርጂ የሆነበት ውሻ ጥቂት ንክሻ ይበቃዋል፤ እያከከና እየላሰ ቁንጫዋን ራሱ ስለሚያስወግዳት ባለቤቱ አንድም ላያይ ይችላል። እንቁላሉና ትል መሳይ እጩ ደግሞ አብዛኛው ያለው ምንጣፉና መኝታው ላይ እንጂ ውሻው ላይ አይደለም። ስለዚህ መኝታውን በሙቅ ውሃ ማጠብም የሕክምናው አካል ሆነ።

ቀጥለው ቆዳውን በስለት ፋቅ አድርገው የእከክ ተባይ ፈለጉ። የለም። መዳፉ ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፈው አነሱና ቀለም ነክረው ማይክሮስኮፕ ሥር አስገቡት። እኔንም አሳዩኝ። የኦቾሎኒ ቅርፊት የሚመስሉ ነገሮች ተርመስምሰዋል። እርሾ ነው አሉኝ። ባክቴሪያም ነበረበት። ሁለቱም በጤነኛ ውሻ ቆዳ ላይ ጥቂት ጥቂት ይኖራሉ፤ ቆዳው ሲቆጣና ሲረጥብ ግን ይባዛሉ፣ እነሱም በተራቸው ያሳክካሉ። የጆሮው ሽታም ከዚሁ ነው። መድኃኒቱ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ያለበት የውሻ ሻምፑ ነበር። ቁም ነገሩ ግን ሻምፑው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። አረፋው ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ ካልቆየ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ረዳቷ አጠገቤ ሆና አንድ ጊዜ አሳጠበችኝ። ጆሮ እንዴት እንደሚጸዳም ያሳየችኝ እሷ ናት። "እትዬ፣ የሰው ሻምፑም የሰው መድኃኒትም እንዳይሞክሩበት" ያለችኝን ለሁሉም እነግራለሁ። ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ውሻን ሊመርዙ ይችላሉ። አንዳንድ የሰው አለርጂ ክኒን ደግሞ ፕሱዶኤፌድሪን ተቀላቅሎበታል፣ እሱም አደገኛ ነው።

ኢንፌክሽኑ ሲጠፋ ቁጥሩ 5 ላይ ቆመ። ስለ ምግብ ያነሱት ያኔ ነው።

እኔ የደም ምርመራ ይደረግለት አልኩ። እዚህ ላይ ነው ዶክተርን ይበልጥ ያከበርኳቸው። ማድረግና ማስከፈል ይችሉ ነበር። "ለምግብ አለርጂ በደም፣ በምራቅም ሆነ በፀጉር የሚደረገው ምርመራ አይታመንም፤ ጤነኛ ውሻንም አለርጂ አለበት ይላል። ገንዘብዎን በከንቱ አልወስድም" አሉ። የሚታመነው መንገድ አንድ ነው፤ የለመደውን ምግብ በሙሉ አቁሞ ሰውነቱ የማያውቀውን መስጠት። ወይ በሕይወቱ ቀምሶት የማያውቀው ሥጋ፣ ወይ ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የመጣ በሐኪም የሚታዘዝ ምግብ። ቦቢ ያልቀመሰው ሥጋ ስለሌለ ሁለተኛውን መረጡለት። ጊዜው 8 ሳምንት ነው። ቀድሞ የሚሻለው ውሻ አለ፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ከሚሻላቸው ውሾች ከ10 ቢያንስ 9ኙ ለውጥ የሚያሳዩት እስከ 8ኛው ሳምንት ነው። በ3ኛው ሳምንት "አልሠራም" ብሎ የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው አሉኝ።

"ይህንኑ ምግብ ለዓመታት በልቶ ምንም አልሆነ" የሚለውን ክርክር እኛም አቅርበን ነበር። አለርጂ የሚመጣው ግን ሰውነት ደጋግሞ ካገኘው ነገር ነው። ውሾች ላይ በብዛት የሚታየው የበሬ ሥጋ፣ የወተት ውጤት፣ ዶሮና ስንዴ ነው። "እህል የሌለበት" ተብሎ በውድ የሚሸጠው ምግብም መልስ አይሆንም፣ ዋናው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ ሥጋው ነውና።

8 ሳምንት ቀላል ይመስላል። አይደለም። የድመቷ ሳህን አለ። የልጁ ወንበር ሥር የሚወድቀው አለ። የሥጋ ጣዕም ያለው የትል ክኒን አለ፣ የውሻ የጥርስ ሳሙና አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቴ አለች። እሷ ስትበላ ዓይን ዓይኗን የሚያያትን ውሻ ባዶ አፉን አትመልስም። ብንለምናትም አልሰማችንም። ዶክተር ይህን ሲሰሙ ራሳቸው ደወሉላት። "እማማ፣ አይስጡት አልልም። ከቀኑ ምግቡ ላይ ትንሽ በጣሳ ይቀመጥልዎ፣ ደስ ባለዎት ሰዓት ከዚያ ይስጡት" አሏት። ጣሳዋ ዛሬም አለች፣ የሚነካት ሰው የለም። ሕክምና የሚባለው የቤተሰቡን ጠባይም ማወቅ እንደሆነ ስንቱ ሐኪም ያስባል?

ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። ጸጉሩ በቀለ። ደስታችንን ልነግራቸው ሄድኩ፣ እሳቸው ግን "አሁን የድሮውን ምግብ መልሱለት" አሉ። ቤት ስናገር ሊበሉኝ ነበር። ምክንያታቸው ግን ልክ ነው። የተሻለው በሻምፑው ሊሆን ይችላል፣ በቁንጫ መድኃኒቱም፣ በወቅቱ መለወጥም። የድሮው ምግብ ሲመለስ እስከ 2 ሳምንት ድረስ ማሳከኩ ከተነሳ ጥፋተኛው ምግቡ ነው። ካልተነሳ ደግሞ ውሻውን ዕድሜ ልኩን ያለ ምክንያት በውድ ምግብ ማኖር የለም። የቦቢ በቀናት ውስጥ ተነሳ። ወዲያው ወደ ልዩው ምግብ መለስነው፣ በረደ። ከዚያ አንድ በአንድ ተፈተነ። ዶሮ አለፈ፣ እንቁላል አለፈ። የበሬ ሥጋ ወደቀ። ወተትም እንደዚሁ፤ ሁለቱ የሚጋሩት ፕሮቲን ስላለ ዶክተር ቀድመው ጠርጥረውት ነበር።

ሙሉ በሙሉ ዳነ አልላችሁም። ዶክተርም እንደዚያ አላሉኝም። የምግብና የአካባቢ አለርጂ፣ ማለትም የአቧራ ተባይና የአበባ ብናኝ፣ አንድ ውሻ ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ቦቢም አበባ በሚፈካበት ሰሞን መዳፉን ይልሳል። ለዚያ ሰሞን ኦክላሲቲኒብ የሚባል ማሳከክ የሚያስታግስ ክኒን ይሰጡታል። የድሮውን የስቴሮይድ መርፌም አላጣጣሉትም። ለአጭር ጊዜ ጥሩ ነው፤ ሲደጋገም ግን ውሻው ውሃ ያበዛል፣ ይሸናል፣ ይራባል፣ ቆዳውም ይሳሳል። ስቴሮይድ በክኒን የሚወስድ ውሻ ደግሞ መድኃኒቱ በድንገት ሊቋረጥበት አይገባም። ይህን ሳያጣድፉ ወንበር ስበው አስረዱኝ።

አሁን እንከኑንም ልናገር፣ ጥቆማ የውዳሴ ብቻ ሲሆን አላምነውም። ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም። ከተገኘም በኋላ ሌላው ውሻ ላይ ስለሚቆዩ ትጠብቃላችሁ። ፊት አይተው አይናገሩም፤ "ይህ ውሻ ወፍሯል" ካሉ አሉ ነው። አንድ መርፌ ወግተው እንዲሸኟችሁ ከፈለጋችሁ አትሂዱ።

ከሄዳችሁ ግን ውሻው እስካሁን የበላውን ሁሉ ጻፉ፣ የምግቡን ማሸጊያ ፎቶ አንሱ፣ የወሰደውንም መድኃኒት ስሙን ያዙ። ደግሞ እንዲያምርላችሁ ብላችሁ ከቀጠሮው በፊት አታጥቡት፣ በማይክሮስኮፕ የሚፈለገው ታጥቦ ይሄዳል። ረዳቷ በስልክ ይህን ትነግራችኋለች፣ ስልኩን የምታነሳው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው።