ሊትር ይጨምራል፣ ቅቤ ያሳሳል፦ የሱሉልታው ድብልቅ መኖ

ሱሉልታ ዋናው መንገድ ዳር ካሉት መኖ ቤቶች አንዱ «ለታላቢ ላም» ብሎ የሚሸጠውን ድብልቅ ፈትሸነዋል። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ወተት ይጨምራል፣ በዚህ አይታማም። ቅቤ ግን ያሳሳል። ድርቆሽ በደንብ የማይሰጥ ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

ማዳበሪያው 50 ኪሎ ይይዛል። አንድ እፍኝ ነጭ ሳህን ላይ ሲበተን አብዛኛው ፉርሽካና የተፈጨ በቆሎ ነው፤ በመሃሉ ጠቆር ያለ የኑግ ፋጉሎ፣ ጨውና ነጭ ዱቄት ይታያል። ነጩ ላይ ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋ ያወጣል፤ የኖራ ድንጋይ ነውና ጥሩ ነው። አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሲማሰል ከሥር የሚዘቅጥ አሸዋ አላየንም፤ በዚህ ገበያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉድለቱ አፈጫጨቱ ላይ ነው፦ ሁሉም እንደ ዱቄት ልሟል። ማዳበሪያው ላይም የፕሮቲን መጠኑም ሆነ የተደባለቀበት ቀን አልተጻፈም።

የአፈጫጨት ነገር ከቅቤ ጋር ምን አገናኘው? ግት ውስጥ ወተት የሚሠሩት፣ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ ጥቃቅን ከረጢቶችን ግድግዳ በአንድ ረድፍ የሸፈኑ ሴሎች ናቸው። ጥሬ ዕቃቸው ሁሉ ከደም ነው፤ ለ1 ሊትር ወተት ከ400 እስከ 500 ሊትር ደም በግቱ ውስጥ ያልፋል። ፕሮቲኑና ስቡ ግን በአንድ በር አይወጡም። ኬዚን የሚባለው ዋናው የወተት ፕሮቲን ከአሚኖ አሲድ ከተገጣጠመ በኋላ፣ ጎልጂ በሚባለው የሴሉ ክፍል ከካልሲየምና ከፎስፌት ጋር ይድበለበላል፤ ከዚያ በትንሽ አረፋ መሳይ ቋት ተጭኖ እስከ ሴሉ አፍ ይሄዳል፣ ቋቱ ከሴሉ ሽፋን ጋር ይዋሃድና ጭነቱን ያፈስሳል። ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳርም እዚያው ጎልጂ ውስጥ ተሠርቶ ውሃ እየሳበ አብሮ ይወጣል፤ የሊትሩን ብዛት በዋናነት የሚወስነው እሱ ነው። ስቡ ሌላ መንገድ አለው። ጠብታ ጠብታ እየሆነ ወደ ሴሉ ጫፍ ይገፋል፣ ሲወጣም የሴሉን ሽፋን እንደ ነጠላ ተከናንቦ ይቆረጣል። (ወተት ስንንጥ የምንደክመው ይህን ነጠላ ለመቅደድ ነው።)

የበቆሎው ስታርች ጨጓራ ውስጥ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ይሆናል፣ ጉበት ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል፣ ግቱ ደግሞ ከግሉኮሱ ላክቶስ ይሠራል። ሊትሩ የጨመረው በዚህ ነው። ድርቆሽ የሚሰጠው አሴቲክ አሲድ ነው፤ ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያደርገው እሱው ማለት ነው። ሴሎቹ ግማሽ የሚጠጋውን የወተት ስብ ራሳቸው የሚሠሩት በተለይ ከዚህ ነው። የላመ መኖ በብዛት የበላች ላም በደንብ አታመሰኳም፤ ካላመሰኳች ምራቋ ያንሳል፣ ጨጓራዋ ይኮመጥጣል፣ ያኔ የጨጓራዋ ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩት አንድ ዓይነት ስብ በደም አድርጎ ግት ይደርስና ሴሎቹ ስብ እንዳይሠሩ ያግዳቸዋል። ውጤቱ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል።

ወተት ሰብሳቢው በር ላይ ግን ይህ አይታወቅም። ላክቶሜትር የወተቱን እፍጋት እንጂ ስቡን አይለካም፤ ስብ ቀላል ስለሆነ፣ ቅቤው የሳሳ ወተት እንዲያውም ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። በሊትር የሚከፈለው ሰው ደስ ብሎት ይመለሳል። ጉዱ የሚወጣው በሁዳዴ ነው፣ ገዢ ጠፍቶ ወተቱ ሲናጥ። ቀድሞ ማወቅ የፈለገ ሰው የአንዲቱን ላም የአንድ ጊዜ ሙሉ ወተት አማስሎ በረጅም ጠርሙስ ቀድቶ ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድረው፤ ከላይ የሚሰፍረውን ቅባት መኖው ከመቀየሩ በፊትና በኋላ በማስመሪያ ያነጻጽር። ከመጀመሪያው ጭማቂ ብቻ መቅዳት ግን ያሳስታል፣ ስቡ የሚበዛው መጨረሻ ላይ በሚወጣው ወተት ነውና።

አሰጣጡ ለ1 ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ይሁን። በቀን 12 ሊትር የምትታለብ ክልስ ላም 6 ኪሎ ይደርሳታል፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ለሦስት ተከፍሎ። ድርቆሹ ይቅደም፣ በቀን ከ7 እስከ 8 ኪሎ፤ ከጣት ርዝመት በታች አይከተፍ። ለመኖው አዲስ የሆነች ላም ላይ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ኪሎ ብቻ እየጨመሩ መሄድ ነው። ውሃ ከ60 ሊትር ካነሰ ላክቶሱ የሚስበው አያገኝም፣ የመኖው ገንዘብም ከንቱ ይቀራል። ከተኙት 10 ላሞች ቢያንስ 5ቱ ካላመሰኩ ወይም እበቱ ከቀጠነ፣ ድብልቁን ቀንሶ ድርቆሽ መጨመር ያስፈልጋል።

ፋጉሎው ላይ አንቀልድ። በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ቀጠና የተካሄደ ጥናት የአፍላቶክሲን ዋነኛ ምንጭ አድርጎ ያገኘው የኑግ ፋጉሎን ነው። ላሟ የበላችውን ሻጋታ ወለድ መርዝ ጉበቷ ይለውጠውና በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይገኛል፤ ማፍላት አያጠፋውም፣ ኬዚን ላይ ስለሚጣበቅ አይቡን ተከትሎ ይሄዳል። የተጓጎለ አንድ ማዳበሪያ ሲመለስላቸው ቤቱ ያለ ክርክር ለውጧል፣ ይህ ያስመሰግነዋል። የሚደረድሩት ግን ባዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው፤ በክረምት ከታችኛው ረድፍ ቢያወጡላችሁ አትቀበሉ።