የሐበሻ ጎመን ወይስ ኮላርድ? ለዋሽንግተን ምግብ ቤቶች

በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጎመን የሚሠሩት በአብዛኛው ኮላርድ በሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ በተለመደው የጎመን ዓይነት ነው። ኮላርድ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥም ከሳምንት በላይ ይቆያል። ቅጠሉ ግን ወፍራም ነው፤ አገዳው ካልወጣለት ይጎረብጣል፣ 40 ደቂቃ ያህልም መብሰል ይፈልጋል።

የሐበሻ ጎመን ስስ ስለሆነ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚል ጣዕሙ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይበልጥ ይወጣል። በጣዕም አይወዳደሩም! አምራቹን የሚያከስረው ቶሎ መጠውለጉ ነው፤ ማለዳ ተለቅሞ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ በዕለቱ ወጥ ቤት ይድረስ። በሐምሌ ሙቀት ቶሎ አብቦ ይመርራል፤ ስለዚህ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ ይዘራል።

አምራቹ ለአዲስ ደንበኛ ምግብ ቤት መጀመሪያ ለረቡዕና ለዓርብ በያይነቱ የሚሆን 5 ኪሎ ብቻ ማቅረብ ይሻላል። ሁለቱን የጎመን ዓይነቶች በአንድ ድስት መቀላቀል ግን አይሆንም፤ ኮላርዱ ሳይለሰልስ ስሱ ይላሽቃል።