ሳያካስሱ ለጨረሱልን ጠበቆች ምስጋናዬ ይድረስ

ንግድ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ ከጓደኛ ወይም ከዘመድ ጋር በሽርክና የምትሠሩ፣ ጠበቃ ካስፈለጋችሁ እኔን ጠይቁኝ። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ዋናውን ቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አንዲት ትንሽ የጥብቅና ድርጅት አለች። የእንደኛ ዓይነቱን አነስተኛ ነጋዴ ጉዳይ ነው የሚይዙት። ሥራቸውን ያውቃሉ፣ ፈጣሪንም ይፈራሉ። ጊዜ የሌለው ሰው ይቺን ይዞ ይሂድ።

ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት እነሱ ስላልፈለጉ ነው። "ልጽፍላችሁ ነው" ስላቸው ጋሼ፣ ድሮ ዳኛ የነበሩት ትልቁ ጠበቃ፣ "ጠበቃ እንደ ሳሙና አይተዋወቅም፤ ለቸገረው ሰው በግል ንገሪልን" አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ምስጋናውን ግን ማንም አይከለክለኝም።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሳሪስ አካባቢ ከጓደኛው ጋር የሶፋና የቁም ሳጥን ማምረቻ ነበረው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ድርሻቸው እኩል፣ የባንክ ፊርማቸው ደግሞ የጣምራ። አንዱ ካልፈረመ ብር አይወጣም ማለት ነው። ሁለቱም በሕይወት እያሉ ይሄ ጥሩ ነገር ነበር፤ አንዳቸው በሌላቸው ላይ ቅር ሳይሰኙ ስንት ዓመት ሠርተዋል። ባለቤቴ በድንገት ሲያርፍ ባንኩ ሂሳቡን ያዘው። ወራሾች ይታወቁ፣ አዲስ ፈራሚ ይሰየም አለ። ባንኩን አልወቅስም፣ ሥራው ነው። ግን ደሞዝ የሚጠብቅ ሠራተኛ አለ፣ የሼድ ኪራይ አለ፣ ለሠርጉ ሶፋ አዝዞ ቀብድ የከፈለ ደንበኛ አለ።

ከሸሪኩ ጋር ደግሞ ተቃቃርን። ለቅሶ ላይ አብረን ያለቀስን ሰዎች ከአርባው በኋላ ስልክ መነሳሳት አቆምን። መሃላችን ሰው ገባ። ለእኔ "ማሽኖቹን ሊያሸሽ ነው" ይሉኛል፤ ለእሱ "ሚስትየዋ ጠቅልላ ልትወስደው ነው" ይሉታል። እንዲህ የሚሉት እኮ ለሁለታችንም የሚያዝኑ ሰዎች ናቸው!

በዚህ መሃል ነው ጠበቃ ፍለጋ የወጣሁት። ያየሁትን መከራ ባልናገር ደስ ባለኝ፤ ግን ሳልናገር የእነዚህኞቹ ዋጋ አይገባችሁም። የመጀመሪያው ቅድሚያ ክፍያ ተቀበለኝ። ደረሰኝ ስለው "በኋላ" አለኝ። ከዚያ "ፋይሉ ተከፍቷል፣ አታስቢ" እያለ ሲያስተኛኝ ከረመ። ስልኬን ማንሳት ሲያቆም በሰው ባስጠይቅ የተከፈተ ፋይል የለም። ሌላኛው ደግሞ ገና ጉዳዬን ሳይሰማ "ዳኛውን አውቀዋለሁ" ብሎ ጀመረኝ። የትኛው ዳኛ? ያልተከፈተ መዝገብ ዳኛ አለው እንዴ? ለካ "ለእሱም የምትሆን ነገር" ሊለኝ እየተንደረደረ ነው። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ያንገበገበኝ ግን ሦስተኛው ነው። ቢሮው ያምራል፣ መስታወት በመስታወት። ሳወራው ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ሲጨርስ "ማኅበሩ ይፍረስ ብለን እንከሳለን፣ ንብረቱ ይሸጣል፣ ከድርሻሽ ይሄን ያህል ፐርሰንት ለእኔ" አለኝ። ባለቤቴ ያቆመው እንዲፈርስ አይደለም የመጣሁት ብለው "ስሜታዊ አትሁኚ" አለኝ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንዲህ ይባላል? ጥቁር ለብሼ እኮ ነው የተቀመጥኩት።

እነዚህኞቹን የጠቆሙኝ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። እሳቸውንም እግዜር ይስጣቸው።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ለሆቴሎች እንጀራ የምታቀርብ ሴት ተቀምጣለች። በሱቅ ስም የተጣሉ ሁለት የመርካቶ ልጆች አንዱ አንዱን ላለማየት ጥግና ጥግ ይዘዋል። አንድ አባት ወረቀታቸውን ሁሉ በፌስታል አጭቀው መጥተዋል። አንድ ወጣት ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ እነሱ ጋር ሥራ የሚለማመድ፣ አጠገባቸው ተንበርክኮ ወረቀቶቹን ወንበር ላይ ይዘረጋል። የተጨማደደውን በመዳፉ እያቃና በቀን በቀን ደረደራቸው። ከዚያ ከመሳቢያ አቃፊ አውጥቶ ከተተላቸውና "አባባ፣ ከእንግዲህ በዚህ ያዙት፤ ዝናብም አይነካው" አላቸው። እኔ ያኔውኑ ልቤ ተረጋጋ።

ጉዳዬን የያዘችው ጠበቃ ሴት ናት፣ ከእኔ ብታንስ ነው። ስልኳን ደፍታ አስቀመጠች። መመሥረቻ ጽሑፉን ተቀብላኝ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው። እርሳስ ይዛ፣ ዝም ብላ። ከእሷ በፊት አንዳቸውም አልገለጡትም ነበር። ስትጨርስ ስለ ድርሻ ወይም ስለ ማሽን የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

"ሠራተኞቹ ደሞዝ ካገኙ ስንት ጊዜ ሆናቸው?" አለችኝ።

እንባዬ መጣ። ምክንያቱም እነዛ ልጆች ደሞዝ ሳይከፈላቸው እየመጡ ነበር። የባለቤቴን አስከሬን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ዋናው አናጢ፣ ባለቤቴ "አለቃ" እያለ የሚጠራው ሰውዬ፣ የጀመረውን የሙሽሮች ሶፋ "አደራ ነው" ብሎ ከራሱ ኪስ ስፖንጅ ገዝቶ ጨርሶታል። ይሄን ነገርኳት። ዕቃ ቆጠራውንም ክሱንም ተዉት፣ እነሱ እንዴት ያድራሉ የሚለው ነበር ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ፤ ግን እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ሁሉ ይቀድማል፣ ሕጉም እንደዚያ ነው የሚለው" አለችኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን ማለቷ ነው። "ስለዚህ ከዚያ እንጀምር። የሸሪክዎን ስልክ ይስጡኝ።"

እኔ ፊት ደወለች። መጀመሪያ ማንነቷን ነገረችው። ቀጥላ "ጠበቃ አለዎት? ካለዎት ከእሳቸው ጋር ነው መነጋገር ያለብኝ" አለችው። የለኝም አለ። "ለክስ አይደለም የደወልኩት። የልጆቹን ደሞዝ እንዴት አድርገን እናውጣ ብዬ ነው" አለችው። ወዲያ ማዶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፁ ሲሰበር ነው። "እኔም እሱ ነው የጨነቀኝ፤ የት ልምጣ?" አለ።

በቃ። ስንት ወር ሙሉ ሽማግሌ ያልፈታውን ነገር በአንድ ስልክ ፈታችው። ጎበዝ ናት ብቻ ብል አንጀቴ አይርስም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሕግ ነገር በደንብ አስረዱ ብትሉኝ አልችልም። የገባኝን ልንገራችሁ። እኔ የባሌ ወራሽ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው፣ ሁላችንም የምናስበው እንደዚያ ነው። ለካ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ወራሽ አይደለችም! በትዳር ውስጥ ከተፈራው የጋራ ሀብት ግማሹ ድሮም የራሷ ነው፤ የሟች ግማሽ ነው ለልጆቹ የሚሄደው። ስለዚህ ከባለቤቴ 50 ከመቶ 25ቱ የእኔ፣ 25ቱ የልጆቼ ሆነ። ይሄንን ወረቀት ላይ ክብ ሠርታ፣ ከፋፍላ፣ እንደ ልጅ አስረዳችኝ። የወራሽነት ማስረጃውን ከከተማው ፍርድ ቤት አወጣን፣ የልጆቼ ሞግዚትነቴም ተረጋገጠ። ቀጥሎ የማኅበሩ አባላት ጉባኤ ተጠራ፣ ቃለ ጉባኤው ውልና ማስረጃ ሄዶ ጸደቀ፣ ባንኩም አዲሶቹን ፈራሚዎች ተቀበለ። የቃለ ጉባኤው አንደኛ አጀንዳ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? "የሠራተኞች ውዝፍ ደሞዝ ስለ መክፈል።" እሷ ናት ከላይ ያስቀመጠችው።

ሌላም ነገር ተማርኩ። በድሮው የ1952 ንግድ ሕግ እንዲህ ዓይነት ማኅበር ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። በ2013 በወጣው አዲሱ ሕግ ግን አንድ ሰውም ብቻውን ማቋቋም ይችላል። እና አንድ ሰው እንኳ ከበቃ፣ ያ "ይፍረስ" ያለኝ ሰውዬ ምን አስቦ ነው? አልፈርድበትም። ማለቴ፣ እፈርድበታለሁ።

የእነዚህን ሰዎች ጠባይ የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። ሸሪኩ አመጣጧን ሲያይ ወደዳት። "እንግዲህ ታርቀናል፣ ለእኔም አንቺው ሁኚኝ፣ እከፍላለሁ" አላት። ገንዘብ ነው፣ ያውም ያለ ልፋት። እሷ ግን "እኔ የወይዘሮዋ ጠበቃ ነኝ። ስምምነቱን ከመፈረምዎ በፊት ሌላ ጠበቃ ያሳዩት፤ እንዲያውም ሳያሳዩ እንዲፈርሙ አልፈልግም" አለችው። አንድ ሳምንት ጠበቅን። ሌላ ጠበቃ አይቶለት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስተካክሎለት መጣ። እኔ ያኔ ተናድጄ ነበር፣ ለምን ታዘገየናለች ብዬ። አሁን ግን ያ ወረቀት ነገ ከነገ ወዲያ "አታለሉኝ" የማይባልበት ወረቀት ነው።

ዋጋቸውን ደግሞ ገና ከመጀመሪያው በጽሑፍ ነው የነገሩኝ። ይሄን ያህል ለዚህ፣ ይሄን ያህል ለዚያ። በየክፍያው ደረሰኝ አለ። ወረዳ የሚያልቀውን ጉዳይ "ይሄ ጠበቃ አይፈልግም፣ ራስዎ ይሂዱ፤ ለምን ይከፍሉናል?" ብላ መለሰችኝ። የሚያስፈልገውን ወረቀት ብቻ ጽፋ ሰጠችኝ። እስቲ ገንዘብ አልፈልግም የሚል ጠበቃ አይታችኋል? አላየንም ካላችሁ እኔ አሳያችኋለሁ። በነፃ የሚያቆሙላቸው ሰዎችም አሏቸው፤ እንጀራ አቅራቢዋ አንዷ እንደሆነች ራሷ ነግራኛለች።

ቀጠሮ ቀን ጠበቃዋ ልጇ ታሞባት ቀረች። እኔ በድሮው ልማዴ "አለቀልኝ" አልኩ። ጋሼ ራሳቸው ከዘራቸውን ይዘው መጡ፣ ፋይሉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በኋላ እንደነገሩኝ ድሮ እያንዳንዱ ጠበቃ በየግሉ ነበር የሚሠራው። በ2013 የወጣው የጥብቅና አዋጅ፣ 1249/2013፣ ነው ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደላቸው። "አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲያነሳ ነው የተሰባሰብነው" አሉኝ። ጋሼ እንዲህ ናቸው፣ ቁምነገር በአጭሩ።

ማምረቻው እየሠራ ነው። ሸሪኩ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ እኔ በጣምራ እፈርማለሁ፣ ስለ ስፖንጅና ስለ እንጨት ዋጋም ሳልወድ በግዴ ባለሙያ እየሆንኩ ነው። አለቃ የስፖንጁ ብር ተመልሶለታል፤ አልቀበልም ብሎ አስቸግሮን ነበር። ትልቁ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ልብሱን ሁሉ ጨርሶታል።

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፦ ገና ስትጀምሩ፣ ገና ፍቅር እያላችሁ፣ ሄዳችሁ መመሥረቻ ጽሑፋችሁን አስነብቡ። አንዳችሁ ብትሞቱ ማን ይፈርማል ብላችሁ ጠይቁ። ክፉ ማሰብ አይደለም። የተጣላችሁም ሂዱ፤ ሳትካሰሱ የሚያልቅ ከሆነ እነሱ ቀድመው ይነግሯችኋል። ፍርድ ቤት መሄድ የግድ ከሆነም አይፈሩም፣ ጋሼ ችሎት ሲቆሙ ማየት ነው።

እነዚህን ሰዎች ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጠበቃዋን፣ ጋሼን፣ ያን አቃፊ የሰጠ ልጅ፣ ሻይ ሳታቀርብ የማታሳልፈዋን ጸሐፊ፣ ሁላችሁንም።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ። ጠዋት ጠዋት ችሎት ስለሚሆኑ ከምሳ በኋላ ሂዱ። መመሥረቻ ጽሑፉን ከነማሻሻያው፣ የንግድ ፈቃዱንና የቲን ወረቀቱን ኦሪጅናሉን ያዙ፤ ኮፒ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ጸሐፊዋ ትመልሳችኋለች። ስልካቸውን ስሰጣችሁ ደግሞ ለደላላ እንዳታቀብሉብኝ።